ሚያዝያ ወይስ ግንቦት?

የጉዞ ጽሑፍ ሄዶ የተመለሰ ሰው የሚጽፈው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የትም አልሄድኩም። ፓስፖርቴ አዲስ ነው፤ አንድም ማኅተም አላረፈበትም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጉዞ ሳይሆን ስለ ጉዞ ዕቅድ ነው። ለዚያውም በአምስት ወር ውስጥ ደጋግሞ ስለተለወጠ ዕቅድ። ልንሄድ ያሰብነው ወደ ሰርቢያ ዋና ከተማ ወደ ቤልግሬድ ነው። «ምነው፣ ዱባይ ጠፋሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። አባቴ የ69 ዓመት ጡረተኛ ነው። በ1969 ዓ.ም. የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ያኔ ዩጎዝላቪያ ትባል ወደነበረችው አገር ሄደ። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ሲቪል ምሕንድስና በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ዲፕሎማው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል፤ ዲፕሎማው ላይ የተጻፈችው አገር ግን የለችም። ልጆች ሆነን አባዬ ሲናደድ የሚቆጣን በሰርብኛ ነበር። እኛም ምን እንዳለ ስለማይገባን በጣም አንፈራም ነበር። ቡና በሰርብኛ «ካፋ» ይባላል። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር «ከካፋ አገር ሄጄ ካፋ በገንዘቤ ገዝቼ የጠጣሁ ሰው ነኝ» ይላል። ይቺን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም።

ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት በየቀኑ እያየነው እናልፋለን አይደል? እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሳላስተውለው አልፌያለሁ። ቅርጾቹን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ቀራፂዎች መሆናቸውን የነገረኝ አባዬ ነው። ሁለቱም ከዩጎዝላቪያ፣ የዛሬዋ ክሮኤሺያ ሰዎች ናቸው። ቲቶና አፄ ኃይለ ሥላሴ ወዳጆች በነበሩበት ዘመን የተሠራ ነው። የገለልተኛ አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1961 በቤልግሬድ ሲደረግም ጃንሆይ ተገኝተዋል። እኔ ቤልግሬድን ሩቅ አገር እላለሁ፤ ለካ በየቀኑ ታክሲ የምጠብቀው እጃቸው ሥራ ሥር ቆሜ ነው!

እንግዲህ ጥር ላይ የአባዬ እቁብ ወጣ። እናቴ «ጣሪያው» አለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎን ውስጥ ሦስት ባልዲ እንደረድራለን። አባዬ «ቤልግሬድ» አለ። ሁለት ሳምንት ቤታችን ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ነበር። በመጨረሻ ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ የእኔን ትኬት እንደሚችል ተናገረ። ገንዘቡም ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለቆርቆሮ፣ ግማሹ ለጉዞ። እኔ የተጨመርኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአባዬ ጉልበት ደረጃ አይወድም። ሁለተኛ፣ «ጋዜጠኛ ነሽ፤ መረጃውን አንቺ ሰብስቢ» ተባልኩ። ቤታችን ውስጥ ጋዜጠኛ ተብዬ ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነበር። እዚያ ጥር ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ለአባዬ ጉልበት አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚወጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ አውሮፓ በሙሉ ዕረፍት የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ ትኬትም አልጋም ይወደዳል። በመሀል ያለው ጊዜ ግን ጥሩ ነው። ጸደይ ገብቶ ዛፉ ለምልሟል፤ የቀኑ ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቱሪስቱ ገና አልጎረፈም። ስለዚህ ለ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ ቀጠሮ ያዝን። አንደኛው ዕቅድ ይህ ነው።

ከዚያ አባዬ የጉዞውን መስመር ነገረኝ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ጻፍኩ። «ከባቡር ጣቢያው እንወርዳለን፤ ሳቫ ወንዝ አጠገብ ነው። ከዚያ በማርሻል ቲቶ ጎዳና ወደ ላይ እንወጣለን። የእኔ ፋኩልቲ ቡሌቫር ሬቮሉሲዬ ላይ ነው። አንድ ቀን አቫላ ተራራ ሄደን የቴሌቪዥን ማማው ላይ እንወጣለን።» ሲናገር አላመነታም፤ ትናንት የተመለሰ ይመስላል።

እኔም ክፍል ውስጥ እንደተማርኩት አንድ ምንጭ አይበቃም ብዬ ማጣራት ጀመርኩ። ወይ ጉድ! የባቡር ጣቢያው ሕንፃ አለ፤ ባቡር ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይመጣበትም። ባቡሮቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውረዋል። የማርሻል ቲቶ ጎዳና ዛሬ የንጉሥ ሚላን ጎዳና ሆኗል። የአብዮት ጎዳና የነበረው ቡሌቫር ሬቮሉሲዬ ደግሞ አሁን የንጉሥ አሌክሳንደር ጎዳና ነው። አቫላ ላይ የነበረውን ማማ እ.ኤ.አ. በ1999 የኔቶ አውሮፕላኖች መትተው ጣሉት፤ ዛሬ የቆመው እንደ ድሮው ተደርጎ እንደገና የተሠራና በ2010 የተከፈተ ነው። አባዬ መጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ያኖራቸው የዲናር ኖቶችም ዋጋ የላቸውም። እዚያ አገር በ1993 የዋጋ ንረቱ ከመክፋቱ የተነሳ የ500 ቢሊዮን ዲናር ኖት እስከ መታተም ደርሶ ነበር!

ይህን ሁሉ ለአባዬ መንገር ቀላል አልነበረም። ዝም ብሎ ሰማኝና «ንጉሦቹ ተመለሱ በዪኛ» ብሎ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ረጅም ሰዓት አልተናገረም። እኔ መረጃ ያረምኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወጣትነቱን ካርታ ነበር የምሰርዘው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ስነግረው ያልተለወጠም አብሬ መንገር ለመድኩ። የሚኖርበት የተማሪዎች ከተማ፣ ስቱደንትስኪ ግራድ፣ ዛሬም ተማሪዎች ይኖሩበታል። ፋኩልቲውም እዚያው ጎዳና ላይ፣ ቁጥር 73 ላይ አለ። ሳቫና ዳኑብም ከካሌሜግዳን ምሽግ ሥር ዛሬም ይገናኛሉ። እንዲያውም ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የከተማው አውቶቡስና ትራም በነፃ ሆኗል ስለው «እኛ ያኔም አንከፍልም ነበር፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንወርዳለን» አለኝ። አባዬን እንዲህ አላውቀውም ነበር።

ቪዛና ትኬት ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሰርቢያ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ሸንገን ውስጥም የለችም። ስለዚህ የራሷ ቪዛ ያስፈልገናል። የባንክ ማስረጃ፣ ኢንሹራንስ፣ የማረፊያ ቦታ፣ የደርሶ መልስ ትኬት... ፋይሉ አሁን ከመመረቂያ ጽሑፍ ወፍሯል። መጀመሪያ ያገኘሁት ርካሽ ትኬት በፍራንክፈርት በኩል ነበር። ደስ ብሎኝ ልይዘው ስል አንድ ነገር አነበብኩ፤ ኢትዮጵያዊ በሸንገን ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጣም ቢሆን፣ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ርካሹ ትኬት ርካሽ አልነበረም ማለት ነው። በኢስታንቡል በኩል ሲሆን ግን አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቪዛ አንጠየቅም። ይህቺን መረጃ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ለማናችንም ትጠቅማለች።

እማዬ በዚህ መሀል ዜና ሰምታ መጣች። «ሰልፍ አለ ይባላል እዚያ አገር!» ልክ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኖቪ ሳድ በምትባለው ከተማ የባቡር ጣቢያ የኮንክሪት ጥላ ተደርምሶ 16 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በተማሪዎች የሚመራ ተቃውሞ አገሪቱን አዳረሳት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በጃንዋሪ 2025 ሥራቸውን ለቀቁ። ለእማዬ «ሰልፍ ውስጥ አንገባም» ብዬ ቃል ገባሁ። አባዬ ግን የተጨነቀው በሌላ ነው። «ኮንክሪት ዝም ብሎ አይወድቅም» አለ። የመሐንዲስ ነገር!

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ሚያዝያን የወደድኩት ለአየሩ ብቻ አልነበረም፤ የራሴ ድብቅ አጀንዳ ነበረኝ። ቤልግሬድ ውስጥ ሁለት ቀኖች አሉ፣ ሁለቱም በኤፕሪል። ኤፕሪል 11 ቀን 1999 ስላቭኮ ቹሩቪያ የተባለ ጋዜጠኛና የጋዜጣ ባለቤት ከመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። ዕለቱ የትንሣኤ በዓል ነበር፤ በእኛም አቆጣጠር የ1991 ዓ.ም. ፋሲካ፣ ሚያዝያ 3። እስከ ዛሬ በመጨረሻ ፍርድ ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ የለም። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ደግሞ የሰርቢያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በኔቶ ሚሳይል ተመታ። በሌሊት ሥራ ላይ የነበሩ 16 ሠራተኞች ሞቱ። ከሕንፃው አጠገብ ታሽማይዳን መናፈሻ ውስጥ ቤተሰቦቻቸው ያቆሙት ድንጋይ አለ፤ «ለምን?» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ጥያቄው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ኔቶ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለምን መታ? አለቆቹስ አደጋው እየታወቀ ሠራተኞቹን ለምን አላስወጡም? የጣቢያው ዳይሬክተር ሠራተኞቹን ባለማስወጣታቸው በ2002 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የቴክኒክና የጥበቃ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ዜና ላይ የማይጠራው ዓይነት። እነዚህን ሁለት መታሰቢያዎች በዕለታቸው ተገኝቼ ጽፌ ለዚህ ቡለቲን ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። መግቢያውን አንቀጽ ሳይቀር በልቤ ጽፌው ነበር።

ችግሩ ግን የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ነው የሚውለው። የሰርቢያ ኦርቶዶክሶችና እኛ ትንሣኤን የምናከብረው በአንድ እሑድ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ ከገባ አንስቶ እስከ በዓሉ ጉዞው በሙሉ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። አባዬ ጾም አይገድፍም። ይህም ቢሆን መላ አለው፤ እነሱም ይጾማሉ፤ «ፖስኖ» ካልክ የጾም ምግብ ይቀርብልሃል ብሎ አባዬ ራሱ ነገረኝ። እማዬ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፦ ፋሲካን ቤቷ! እዚያም ቢሆን ከስቅለት ዓርብ እስከ ትንሣኤ ማግሥት ሰኞ የመንግሥት በዓል ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሜይ 1 እና 2 የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ይደራረባል። ስለዚህ ሁለተኛው ዕቅድ ሚያዝያ 2 ሄዶ ሚያዝያ 16 መመለስ ሆነ። የእኔ ሁለት ቀኖች በውስጡ አሉ፣ የእማዬ ፋሲካም አልተነካ። በራሴ ኮራሁ።

ታዲያ አንድ ቀረኝ ያልኩት ሥራ ነበር። አባዬ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ አብረው በአንድ ክፍል የኖሩ የቤልግሬድ ልጅ። ቲቶ የሞቱ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1980፣ ይህ ሰው አባዬን ወደ ወላጆቹ ቤት ወስዶት ሌሊቱን ሙሉ እንዳለቀሱ ነግሮኛል። ከተመለሰም በኋላ ይጻጻፉ ነበር። በ1984 ዓ.ም. እዚያ ጦርነቱና ማዕቀቡ ሲመጣ ደብዳቤው ተቋረጠ። «ፈልጊልኝ፤ ካለ ይደንግጥ፤ ሳንነግረው ደጁ ላይ እንቆማለን» አለኝ አባዬ።

ፈለግኩት። ስሙን በሲሪሊክ ፊደል ለመጻፍ 30ውን ፊደል አጠናሁ፤ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ስለሆነ አይከብድም። ፌስቡክ ላይ ተመሳሳይ የአባት ስም ላላቸው ሰዎች መልእክት ላክሁ። በ11ኛው ቀን አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ልጁ ናት። አባቷ በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ከኢትዮጵያ የተላከላቸው ጀበና እስከ ዛሬ መደርደሪያቸው ላይ እንዳለ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ያን መልእክት ያነበብኩት ካፍቴሪያ ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ደስታ ነበር። አገኘሁ! ምንጬን አገኘሁ! ስልኬን አንስቼ ለአባዬ ልደውል ስል እጄ ቆመ። ለካ በእጄ የያዝኩት መርዶ ነው።

ክፍል ውስጥ ዜና ፈጥኖ መድረስ አለበት ተብለን ተምረናል። እውነት ነው። መርዶ ግን ሌላ ሕግ አለው። በስልክ አይነገርም። በማታ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። አራት ቀን በሆዴ ይዤው ዞርኩ። አባዬ በየማታው «ተገኘ?» ሲለኝ «እየፈለግኩ ነው» እላለሁ። ከዚያ በፊት አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ እንዲህ የከበደኝ ውሸት ግን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ለእማዬ ነገርኳት። ቤልግሬድ ስትባል ፊቷን የምታጠቁር እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ጎረቤት ሄደች። እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት የእድራችን ሰብሳቢና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ከእነሱ ውስጥ ሟቹን የሚያውቅ የለም፤ አገሩንም በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ግን እንደ ወጉ ተቀምጠው እንደ ወጉ ነገሩት።

አባዬ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ በሰርብኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ማናችንም አልገባንም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «መቃብሩ የት ነው?» አለኝ።

ለልጅቱ መልሼ ጻፍኩላት። እሷም እንዲህ አለችኝ፦ ከትንሣኤ ስምንት ቀን በኋላ ባለው ሰኞ ቤተሰብ በሙሉ ቀይ እንቁላል ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል፤ «ፖቡሳኒ ፖኔዴልያክ» ይባላል፤ አባትሽ ከእኛ ጋር ቢሆን ደስ ይለናል። ቆጠርኩት። የእኛ ዳግም ትንሣኤ ማግሥት ነው፣ ግንቦት 2።

እንዲህ ሆኖ ሦስተኛው ዕቅድ መጣ። ፋሲካን ቤታችን እንውላለን፤ ሚያዝያ 28 እንነሳለን፤ ግንቦት 8 እንመለሳለን። ግንቦትም ቢሆን ቱሪስቱ ገና ያልበዛበት ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ከሚያዝያ ትንሽ ጨመር ይላል። ዝናብ ግን ይበዛል፤ ጃንጥላ ጽፌያለሁ። የእኔ ሁለት ቀኖች ቀሩ። አልዋሽም፣ አንድ ማታ ሙሉ ተናድጃለሁ። «አባዬ፣ መቃብሩ ሚያዝያም ቢሆን እዚያው ነው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ለምን?» የሚለውም ድንጋይ እዚያው ነው። ካርታውን ዘርግቼ ሳይ ከአባዬ ፋኩልቲ በእግር የሚደረስ ነው፤ በዚያው ጎዳና፣ የንጉሥ አሌክሳንደር በተባለው። አባዬ «በእኛ ጊዜ በዚያ መናፈሻ ውስጥ ነበር ለፈተና የምናጠናው» አለኝ። እሱ የሚያጠናበትን ወንበር ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ ድንጋዩን አሳየዋለሁ። የ16ቱን ሰዎች ስም በሲሪሊክ ራሴ አነባለሁ።

ቀሪ ሥራዎች፦ ቪዛው ገና አልተጠየቀም። ሊከለክሉንም ይችላሉ። አባዬ ለጉልበቱ በየጠዋቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሶ ይመለሳል። እማዬ ለማታውቃቸው ሰዎች ቡና ለቅማ አዘጋጅታለች፤ ጥሬውን ይሁን ቆልታው ገና አልወሰነችም። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ባልዲዎቹ ግን ለማንኛውም እንዳሉ ናቸው። ደግሞም ውድ መምህራኖቼ፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ፈተና ሳያልፈኝ አይቀርም። ይህንን ጽሑፍ እንደ ማመልከቻ ብትቆጥሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሄደን ከተመለስን እጽፍላችኋለሁ። ቪዛ ከተከለከልንም እጽፋለሁ። እስከዚያው ቸር ያሰማን።